ጦስኝ የቆረጥኩበት መናፈሻ

ነገሩ የጀመረው እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሮቤ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ነው። አዮ የሻንጣዬን ዚፕ ለመጨረሻ ጊዜ ከፍታ አንድ የታሰረ ፌስታል ወሸቀችበት። አዮ እናቴ ናት፤ እኛ ቤት እናት የምትጠራው እንደዚያ ነው።

"ምንድን ነው አዮ? ሻንጣው ሞልቷል እኮ።"

"ትንሽ አይብና ቅቤ። ጦስኝም አለበት። የዚያን አገር ምግብ እስክትለምጂ።"

"እዚያም ምግብ አለ።"

"አለ ይላሉ" አለችና ዚፑን በጉልበቷ ተጭና ዘጋችው።

ከሳነቲ አምባ የወረደው ጉም ሜዳውን ሁሉ ሸፍኖት ነበር። የአውሮፕላኑ ድምፅ ይሰማል እንጂ እሱ ራሱ አይታይም። መንገደኞች አንድ በአንድ ወደ ጉሙ እየገቡ ይጠፋሉ። ተራዬ ደርሶ ዘወር ስል አዮም የለችም፤ እሷንም ውጧታል። "ሰሚራ! ኢንተለ ኮ!" ስትል ሰማኋት፤ ልጄ ማለቷ ነው። ድምፁ ግን ከኋላዬ ከተውኳት ቦታ ሳይሆን ከፊት ለፊቴ፣ ከአውሮፕላኑ በኩል የመጣ መሰለኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እናንተ ጎባና ሮቤ ያላችሁ ጉም ድምፅ እንደሚያዞር ስለምታውቁ አትስቁብኝም ብዬ ነው አሁን የምጽፈው።

የመጣሁት ጀርመን ነው፤ ሰሜን ክፍል፣ ስሙን ብነግራችሁ የማታውቁት ትንሽ ከተማ። ሮቤ ላይ ነርስነት ተምሬ ተመርቄያለሁ። እዚህ ዲግሪዬን አይተው "በከፊል ተቀባይነት አለው" የሚል መልስ ሰጡኝ፤ የትኛው ከፊል እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። ስለዚህ አረጋውያንን የመንከባከብ ሥልጠና ልገባ ነው የመጣሁት።

የጀርመኑ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የጉምሩክ ሰው የአዮን ፌስታል ጓንት ባጠለቀ እጁ አንጠልጥሎ አወጣው። ቅቤው ቀልጦ ጦስኙን አርሶታል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቅቤ ነው።"

"ቅቤ እኛም አገር አለ።"

"ይሄ የእናቴ ነው።"

ትንሽ አሰበ። በእርግጥ ያሰበ ይመስል ነበር። "ወተት ነክ ነገር አይገባም" አለና ፌስታሉን ከነጦስኙ በርሜል ውስጥ ጣለው። ክዳኑ ሲዘጋ ሽታው አንድ ጊዜ ብቻ ወጣ። ከኋላዬ የተሰለፈች አንዲት የማላውቃት ሴት ዓይኗን ጨፍና ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ኑሪያ ቤት፣ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፌ አሳለፍኩ። ኑሪያ የጊኒር ልጅ ናት፤ ሆቴል ውስጥ ልብስ ታጥባለች፣ ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድማ መጥታለች፣ አፏም ከእኔ አፍ አሥር እጥፍ ፈጣን ነው። ክፍሏ ለአንድ ሰው ብቻ ስለሆነች በእሷ አድራሻ መመዝገብ አልቻልኩም። መመዝገብ እዚህ አንሜልዱንግ ይባላል። ያለ እሱ ሥልጠና የለም፣ ያለ ሥልጠና የመኖሪያ ፈቃድ የለም። ወሩ ከማለቁ በፊት አድራሻ ካላገኘሁ ወደ ሮቤ መመለሴ ነው። ቢሮው ሄድኩ።

"አድራሻዎ?" አለችኝ ጸሐፊዋ።

"ቤት እየፈለግኩ ነው።"

"ያለ አድራሻ አንሜልዱንግ አይደረግም።"

"አከራዮቹ ደግሞ ያለ አንሜልዱንግ ቤት አንሰጥም ይላሉ።"

"ልክ ናቸው።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ቴርሚን ይያዙ።" ቀጠሮ ማለቷ ነው።

"የምን ቴርሚን?"

"አድራሻ ሲኖርዎት ለመምጣት።"

ፊቷ ላይ ክፋት አልነበረም። አመስግኜ ወጣሁ፤ እናንተ ታውቁኛላችሁ፣ ሲረግጡኝም አመሰግናለሁ።

ቤቱን ያገኘችልኝ ኑሪያ ናት። አንዲት ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ፎቅ ላይ ያለውን ክፍል ለረዳት ይሰጣሉ የሚል ማስታወቂያ ሱቅ በር ላይ አየች። "አንቺ ደውለሽ 'ይቅርታ' ብለሽ ትዘጊያለሽ፤ የጎባ ልጅ!" ብላ ራሷ ደወለች። ያነሳው የሴትዮዋ ልጅ ነበር፤ ሄር ሃገን ይባላል፣ ሄር አቶ እንደማለት ነው። የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው። ስልኩን ስቀበል እንዲህ አለኝ፦

"እናቴ አትበላም። በተለይ ቁርስ አትነካም። ሐኪሙ በዚህ ከቀጠለች መጦሪያ ቤት መግባት አለባት ብሏል። የወሩ የመጨረሻ ዓርብ ጠዋት እመጣለሁ። እየበላች ካገኘኋት እሷም ቤቷ ትቆያለች፣ እርስዎም ይቆያሉ፤ የመመዝገቢያ ወረቀትዎን እፈርማለሁ።"

"ካልበሉስ?"

"ቤቱን እሸጠዋለሁ።"

ይህን ያለው ነገ ዝናብ ነው እንደሚል ሰው ነው። ደግሞ አባቴ የሚሆን ሰው እርስዎ ሲለኝ መሬት ውጪኝ አልኩ። እዚህ አክብሮትና መራራቅ በአንድ ቃል ነው የሚነገሩት።

ፍራው ሃገን፣ ማለትም ወይዘሮ ሃገን፣ ቀጭን፣ ነጭ፣ ዝምተኛ ሴት ናቸው። እግራቸው ስለከዳቸው በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚንቀሳቀሱት። ወጥ ቤታቸው ውስጥ ክብ ጠረጴዛ አለ፤ በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥም። የመጀመሪያው ቀን ልቀመጥበት ስል እጃቸውን አነሱ። ሌላ ወንበር ሳብኩ።

ቤቱ እጅግ ጸጥ ያለ ነው። እኛ ሰፈር ጠዋት አዛን አለ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ጎረቤት "አካም ቡልቴ"፣ እንዴት አደርሽ፣ እያለ በአጥር ላይ ይጠይቅሻል። እዚህ የሚሰማው ማቀዝቀዣው ሲንቀጠቀጥ ብቻ ነው። አንዳንዴ ፍራው ሃገን ወደ ባዶው ወንበር ዞረው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ አንድ ሰው የጠየቃቸውን እንደሚመልሱ። መጀመሪያ እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። የተማርኩት እኮ ይህንኑ ነው።

ቁርስ ላይ ዳቦውን ሰጠኋቸው፣ ገፉት። እንቁላል፣ ገፉት። ገንፎ እንኳ ሞከርኩ፤ በማንኪያው ቅርጽ ሠርተውበት ተዉት። እኔ የስንዴ አገር ልጅ ነኝ፣ ዳቦ ሲገፋ ማየት ያመኛል። ስለዚህ ተማሪ ሳለሁ ሮቤ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ፣ ፈተና ሲደርስ ቶሎ ቶሎ የምሠራውን ቶስት አስታወስኩ። ዳቦ መቁረጥ፤ በትንሽ ቅቤ መጥበሻ ላይ አንዱን ፊት ብቻ ቡናማ እስኪሆን ማቆየት፤ ገልብጦ በተጠበሰው ፊት ላይ አይብ በጨው ለውሶ መቀባት፤ ቲማቲሙን ውሃውን አፍስሶ ማድቀቅ፣ ቃሪያና የሽንኩርት ቅጠል ከትፎ መበተን፤ ክዳን ገጥሞ እሳቱን መቀነስ። ሥሩ ሲንኮሻኮሽ አውጥቶ ከላይ ትኩስ ጦስኝ በጣት እያሹ መነስነስ። ሻይ እስኪፈላ ይደርሳል።

እዚህ አይብ የሚመስለው ክዋርክ የሚባል ነገር ነው። ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ይኮመጥጣል፤ ግን አይብ የሆነ ቦታ የሄደ ይመስል ባዶ ነው። ቲማቲማቸው ቀይ ውሃ ነው። ቃሪያቸው ደግሞ አያቃጥልም፤ ቃሪያ ካላቃጠለ ምን ሥራ አለው? ጦስኙ ግን ጨርሶ የለም። የሱቁን በሶብላ አደረግኩበት። ፍራው ሃገን አንዴ ነከሱ፣ አኘኩ፣ አስቀመጡ። "ጥሩ ነው" አሉ፣ ሰው ለማስደሰት እንደሚባለው። ቀኑ እያለቀ ነበር።

መናፈሻውን ያገኘሁት ያን ሳምንት ነው። ቋንቋ ወደምማርበት ቤት የሚያቋርጥ መንገድ ስፈልግ የቁጥቋጦ አጥር መካከል ክፍተት አየሁና ገባሁ። ዛፎች፣ የተጠረገ መንገድ፣ አግዳሚ ወንበሮች። አበባ የተተከለባቸው ትንንሽ መደቦች። ማንም ወስዶ የሚያጠጣበት ማጠጫ መንጠቆ ላይ ተሰቅሏል። አንዳንዶቹ መደቦች አጠገብ ስም የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ቆመዋል። እኛ ዘንድ ችግኝ ሲተከል የተከለው ሰው ስም በሰሌዳ ተጽፎ ይቆም የለ? እኔም የተከሉት ሰዎች ናቸው አልኩ። ሁለት ዓመተ ምሕረት ተጽፎባቸው ሳይ፣ አንዱ የተተከለበት፣ ሌላው የታደሰበት መሰለኝ። አንዳንዱ ላይ መስቀል አለ፤ ቤተ ክርስቲያን ያስተከለችው ይሆናል አልኩ። በጠራራ ቀን የሚበሩ ትንንሽ ቀይ መብራቶችም ነበሩ፤ የጀርመን ነገር ብዬ አለፍኳቸው። እንዲያውም አደነቅኩ። ምን ያህል ሰው እንደተከለ!

አትፍረዱብኝ። የእኛ ሰዎች የሚተኙት ሜዳ ላይ፣ ራስጌና ግርጌያቸው ድንጋይ ቆሞ ነው፤ ስም እንኳ ብዙውን ጊዜ የለውም። የጎባ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ደግሞ ሲሚንቶ ያስለስኑበታል፣ ፎቶ ይለጥፉበታል። አበባ ኮትኩቶ የሚያጠጣበት አላየሁም።

በጫፉ፣ ከዛፎቹ ስር፣ ድንጋይ ያልቆመበት አንድ መደብ ነበር። ከማየቴ በፊት ሸተተኝ። ቆምኩ። ጦስኝ! መሬቱን እንደ ምንጣፍ ለብሶታል። የሳነቲው አይደለም፤ ቅጠሉ ትንሽ ሰፋ ይላል፣ ሎሚ ሎሚ ይላል። ግን ጦስኝ ነው። ጎንበስ ስል ዓይኔ እንባ ሞላ። ሳነቲ ላይ ጦስኝ ባለቤት የለውም፤ ያጎነበሰ ሁሉ ይወስዳል፤ ሥሩን ብቻ አትንቀሉ ነው የምንባለው። ቢስሚላሂ ብዬ ጫፍ ጫፉን ቆረጥኩ። በሣሩ ላይ ውርጭ ነበር፤ ጦስኙ ላይ ግን አልነበረም። እጄን ስሰድ ከሥር ሞቀኝ፣ ሰው ተነስቶ እንደሄደበት ፍራሽ።

በማግስቱ ቶስቱን በዚያ ጦስኝ ሠራሁት። ሳህኑን ሳስቀምጥ ፍራው ሃገን ዓይናቸውን ወደ በሩ ወረወሩ። ቆይተው ወደ እኔ መለሱት። ከዚያ ቶስቱን በሁለት እጃቸው አንስተው በሉ። ጨረሱት! ፍርፋሪውን በጣታቸው ለቀሙት።

"አንድ ሌላ" አሉ።

ደስ ብሎኝ ሠራሁ። ተቀብለው በባዶው ወንበር ፊት አስቀመጡት።

"ለማርታ" አሉ።

ማርታ ማን እንደሆነች መጠየቅ አፈርኩ። እንግዳ የሚመጣ መሰለኝ። አልጋቸውን ለማንጠፍ ሄድኩ፤ ስመለስ ሳህኑ ባዶ ነበር። እሳቸው በልተውት ነው አልኩ፤ እሰይም አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ሁለት ቶስት ነው፤ አንዱን ፊቴ ይበላሉ፣ ሁለተኛው ደግሞ ዞር ስል ያልቃል። ሄር ሃገን ደውሎ እናቱን ካነጋገረ በኋላ፣ "ምን ሰጧት? ድምፅዋ ተለውጧል!" አለኝ።

"ቶስት" አልኩ።

"ቶስት?"

"አትክልት አለበት።"

"ዓርብ አያለሁ" አለ፤ ድምፁ ውስጥ የሆነ ነገር ለስልሶ ነበር።

እኔም በየማለዳው ወደ መናፈሻው ሄድኩ። ማጠጫ የያዙ አሮጊቶች አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ይሉኛል፤ ማንም አልከለከለኝም። ጦስኙን እየቆረጥኩ በሄድኩ ቁጥር ከሥሩ የተነጠፈ ድንጋይ ይገለጥ ጀመር። መጀመሪያ ኤም የሚል ፊደል አየሁ። በማግስቱ ኤ ወጣ። የሚገርመው ያን ቀን የቆረጥኩት በሌላ በኩል ነበር፤ ጦስኙ ራሱ ከፊደሉ ላይ ገለል ያለ ይመስል ነበር። የተከለው ሰው ስሙ በኤም ይጀምራል ማለት ነው አልኩ። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ስቆርጥ ጀርባዬን ለፊደሎቹ ሰጥቼ መቀመጥ አልወደድኩም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ኑሪያ መጣች። "ለእኔም ከዚያ ጦስኝ ቁረጪልኝ፤ ሻይዬ ውሃ ውሃ አለኝ" ስላለች ይዣት ሄድኩ። እኔ በማውቀው በአጥሩ ክፍተት አስገባኋት። ሦስት እርምጃ እንደሄደች ቆመች።

"ሰሚራ፣ የት ነው የምትወስጂኝ?"

"ወደ መናፈሻው። እዚያ ጥግ ላይ ነው።"

"የምን መናፈሻ?" ወደ ድንጋዮቹ አየች፣ ወደ እኔ አየች። "ያ ረቢ! አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ መቃብር ነው!"

"ስሞቹ የተከሉት ሰዎች…"

"የተተከሉት ሰዎች ናቸው!" ብላ ጮኸች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፣ እጇን አፏ ላይ ጭና፤ ሳቋ ግን ቶሎ ደረቀ። "ከዚህ ቆርጠሽ ነው ሴትዮዋን የምታበያት?"

ወደ ጥጉ ሄድኩ። ሁለት ቀን ሳልመጣ ቀርቼ ነበር፤ ያለኝ ጦስኝ በቅቶኝ ነበር። ፊደሎቹ ግን ሁሉም ወጥተዋል። ማርታ ሃገን፤ ከሥሩ ያሉት ዓመታት የፍራው ሃገን ልጅ መሆኗን ይናገራሉ።

ኑሪያ ጮክ ብላ አነበበችው። "ሃገን የአሮጊቷ ስም አይደለም?" አለች። ይዛኝ ወጣች። ጦስኝ አልቆረጠችም።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ለአዮ ደወልኩ። ጎባ ገበያ መንገድ ላይ ነበረች መሰለኝ፣ የፈረስ ጋሪ ደወል ይሰማ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ።

"ስትቆርጪ ምን አልሽ?"

"ቢስሚላሂ።"

"ሥሩን ነቀልሽ?"

"አልነቀልኩም።"

"ሰላም አልሻቸው?"

"እነማንን?"

"እዚያ ያሉትን ሰዎች ነዋ! በየቀኑ በደጃቸው ስታልፊ፣ ሰላም አልሻቸው?"

እኛ ዘንድ በመቃብር አጠገብ የሚያልፍ ሰው አሰላሙ ዐለይኩም ሳይል አያልፍም። እንኳን አዋቂ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ይለዋል። እኔ ግን ያን ሁሉ ጠዋት በመካከላቸው ሄጃለሁ፣ ተቀምጫለሁ፣ ቆርጫለሁ፤ አንድም ቀን ሰላም አላልኩም። የቀዘቀዘኝ ያኔ ነው።

"እናቲቱስ ታውቃለች?" አለች አዮ።

"አያውቁም።"

"የልጇን የመቃብር ቅጠል እያበላሻት አታውቅም?"

"አዮ፣ ነገ እኮ ነው ልጁ የሚመጣው። ዛሬ ብነግራቸው ነገ ላይበሉ ይችላሉ። ካልበሉ አይፈርምም። ካልፈረመ ሮቤ ነኝ።"

"ሮቤ ምን ሆነ? ሮቤ ሰው አይኖርበትም?"

"አዮ…"

"ዛሬውኑ ንገሪያት፣ ኢንተለ ኮ። ሰው የሚበላውን ማወቅ አለበት።"

ከሰዓት በኋላ ፍራው ሃገን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ሳለ ነገርኳቸው። የለመድኩት ጀርመንኛ ሁሉ ጠፋብኝ፤ ሰባራ ዓረፍተ ነገሮች ነው የቀጣጠልኩት። ጦስኙ ከሱቅ አይደለም። መናፈሻ መስሎኝ ነው። ከማርታ ላይ ነው የቆረጥኩት። ይቅርታ።

ማቀዝቀዣው ተንቀጠቀጠና ቆመ።

"የተከልኩት እኔ ነኝ" አሉ። "እግሬ ሳይከዳኝ። ልጄ ማርታ እዚህ መስኮት ላይ ታሳድገው ነበር፤ ከዚያ ወስጄ ነው የተከልኩላት። የመጀመሪያው ቀን ሲሸተኝ በበሩ የገባች መሰለኝ። አየሁ፤ አንቺ ነሽ። ከየት አመጣሽው ብዬ ልጠይቅሽ ነበር፤ ብጠይቅ ይቀርብኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ ድርሻዋን አስቀመጥኩላት።"

"እኔ ደግሞ እርስዎ ሁለቱንም ሲበሉ ደስ እያለኝ…"

"ምን ሁለቱን?" አሉ። "እኔ አንዱን ነው የምበላው። ሁለተኛውን የምትበይው አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

አይደለሁም አልኩ። አንድ ጊዜም አልነካሁትም። ድመት ነበራቸው፣ እሱም ሞቷል፤ በሩ ይቆለፋል። ሁለታችንም ጠረጴዛውን አየን። የጠዋቱ ሳህን እዚያው ነበር፣ ባዶ፤ ፍርፋሪውም በጣት እንደተለቀመ ተለቅሟል።

"ክፍሌ ውሰጂኝ" አሉ። እራት አልበሉም። በሩን አንኳኳሁ፤ "አልፈልግም" አሉ ከውስጥ። አለቀ ብዬ ልብሴን አጣጥፌ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ለአዮ ምን እንደምላት እያሰብኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ዓርብ ጠዋት ስወርድ ፍራው ሃገን ወጥ ቤት ውስጥ ነበሩ፤ ካፖርት ለብሰው፣ ባርኔጣ አድርገው፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ደርበው። ምድጃው ላይ ራሳቸው የሞከሩት ዳቦ ከስሏል።

"እኔ አልቻልኩበትም" አሉ። "ሥሪው። ሦስት አድርጊው፤ በፎይል ጠቅልይው። ቅጠል አይኑርበት፤ ቅጠሉ እዚያ ነው።"

"ልጅዎ ይመጣል እኮ፣ ጠዋት ብሏል።"

"ይምጣ።"

ሠራሁ። በመቃብሩ ዋና በር ገፍቼ አስገባኋቸው፤ በሩ ላይ መቃብር መሆኑ በትልልቁ ተጽፎ ነበር፤ በአጥር ቀዳዳ የሚገባ ሰው ምን ያነባል! ጉም ወርዶ ዛፎቹ ወገባቸው ድረስ ብቻ ይታያሉ። ማርታ ጋ ስንደርስ ድንጋዩ ሙሉ በሙሉ ተራቁቶ፣ ጦስኙ ዙሪያውን እንደ አንገት ልብስ ከብቦት ነበር። ፍራው ሃገን ያን ሁሉ ቅጠል ማን እንደቆረጠው አልጠየቁም። እኔ ግን ሁሉንም አልቆረጥኩም።

ለማርታም፣ በጉሙ ውስጥ ላሉትም ሁሉ፣ አሰላሙ ዐለይኩም አልኩ።

"ምን አልሽ?"

"ሰላም በእናንተ ላይ ይሁን። እኛም ተከትለናችሁ እንመጣለን።"

"ይመልሳሉ?"

"ይመልሳሉ ይባላል። እኛ ግን አንሰማም።"

አሰቡበት። "እስኪ እንጠብቅ" አሉ።

ጠበቅን። ከዛፍ ላይ ጤዛ ይንጠባጠባል። እንደ አውሮፕላን ማረፊያው ቀን የሚጠራኝ ድምፅ የሚመጣ መስሎኝ ጆሮዬን አቆምኩ። የመጣው የስልኬ ጥሪ ነው፤ ሁለታችንም ደነገጥን።

"ቤት ውስጥ ማንም የለም!" አለ ሄር ሃገን። "ዳቦ ተቃጥሏል! እናቴ የት ናት?"

ፍራው ሃገን ጎንበስ ብለው አንድ ጫፍ ጦስኝ በጠሱ፣ በጣታቸው አሽተው ቶስታቸው ላይ ነሰነሱ፣ ነከሱ።

"ቁርስ ላይ ነን በይው" አሉ፣ አፋቸው ሞልቶ።

"ቁርስ ላይ ነን" አልኩት።

"የት?"

ነገርኩት።

"እየበላች ነው?"

"እየበሉ ነው።"

"ከዚያ አትንቀሳቀሱ" አለ። "ወረቀቱን ይዤ እመጣለሁ።"

ስልኩን ዘጋሁ። ፍራው ሃገን አንዱን ቶስት ድንጋዩ ላይ አስቀመጡ፤ አንዱን ለእኔ ሰጡኝ። በላዩ ላይ ምንም ቅጠል አልነበረም። ሙታን የትኛውን ቋንቋ እንደሚሰሙ ስለማላውቅ ማርታን በኦሮምኛ አስፈቀድኳት፣ ደግሜም በአማርኛ፣ ደግሜም በተሰባበረ ጀርመንኛዬ፤ ከዚያ ጎንበስ ብዬ አንዲት ጫፍ ብቻ ቆረጥኩ።